የማሠራው ክራር

ኮልፌ ቀራኒዮ ባለችው ቤቴ፣ ማታ ማታ የማሠራውን ክራር በሐሳቤ እገጣጥማለሁ። ገበቴው ዋንዛ፣ ቆዳው በደንብ የተወጠረ ይሁን። ቀንበሩ ላይ ግን እቆያለሁ። በጥንቱ ክራር ክሩ ከጨርቅ ጋር ቀንበሩ ላይ ይጠመጠምና በእጅ እየተሽከረከረ ይቃኛል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ለእኔ ግን የጊታር ብረት መቃኛ ይገጠምልኝ፤ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ስዞር ቅኝቱ እንዳይላላብኝ።

6ቱ ክሮችስ? ይህ ክራር ለመድረክ ነውና ብረት ይሁኑ፤ የክሩን ንዝረት ለድምፅ ማጉያ የሚያቀብለው ማግኔት ያለው ፒክአፕ ናይለንን አይሰማም። ለእናቴ ሳሎን ደግሞ ሌላ ክራር አሠራለሁ፣ ባለ ናይለን፤ ለስለስ ያለ፣ ቡና እየተቆላ የሚደመጥ። እሱ ሽቦም ድምፅ ማጉያም አያሻውም።