የሆርሞን ቅርጽ በኮምፒዩተር፦ የአንድ ጥናት ግምገማ

በጀጎል ግንብ ውስጥ የምትኖር አንዲት ታካሚዬ ማቀዝቀዣ ስለሌላት ኢንሱሊኗን እርጥብ አሸዋ በያዘ ገንቦ ታስቀምጣለች። ለንግድ ወደ ድሬዳዋ ስትወርድ ግን ብልቃጡን ይዛው ትሄዳለች። «ዶክተር፣ የቆላው ሙቀት አያበላሸውም?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ፔፕታይድ ሆርሞኖች ቅርጽ በኮምፒዩተር የተደረጉ ጥናቶችን ማንበብ የጀመርሁት ከዚህ ጥያቄ ተነሥቼ ነው።

«ስትራክቸር» በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት፣ አልፋፎልድ 2 የተሰኘው ፕሮግራም የተነበያቸውን የ588 ፔፕታይዶች ቅርጾች በቤተ ሙከራ ከታወቁት ጋር አነጻጽሯል። ጠመዝማዛ በሆኑትና በሰልፈር ድልድዮች በተያያዙት ላይ ትንበያው በአመዛኙ ሠምሯል። ዶሮቲ ሆጅኪን የኢንሱሊንን ቅርጽ ለማወቅ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1969 ድረስ 34 ዓመት እንደ ፈጀባቸው ለሚያስታውስ፣ ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም።

ይሁን እንጂ ከውጤቶቹ ሁሉ ይልቅ ሊጎላ የሚገባው ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ከፍተኛ የእርግጠኝነት ነጥብ የሰጠው ቅርጽ፣ ለእውነተኛው እጅግ የሚቀርበው ሆኖ አልተገኘም። የላቦራቶሪን ውጤት ከታካሚው ሁኔታ ጋር ሳያገናዝብ የማይቀበል ሐኪም ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ከዚህም በላይ ጥናቱ የመዘነው ከ10 እስከ 40 አሚኖ አሲድ ያላቸውን ነው። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድና 2 ሰንሰለት አለው። በብልቃጥ ውስጥ 6ቱ በዚንክ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ በደም ውስጥ ይለያያሉ፤ ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የአንደኛው ሰንሰለት ጫፍ ይከፈታል። ታዲያ ቅርጹ የትኛው ነው? መድኃኒቱ የሚበላሸው ነጠላው ሞለኪውል በሙቀትና በንቅናቄ ተፈትቶ ከመሰሎቹ ጋር ክር ሲሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ሂደት አንድ የቆመ ሥዕል አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አልፋፎልድ 3 ዚንክን የመሳሰሉትን ቢጨምርም፣ የሚሰጠው ያው የቆመ ሥዕል ነው።

የታካሚዬን ጥያቄ የመለሰው ሥዕል ሳይሆን ቴርሞሜትር ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ የተለካውን ሙቀት መሠረት አድርገው፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል እየተለዋወጠ ለ4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠው በኃይሉ እንደማይለይ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል።

ስለዚህ ገንቦዋን እንዳትተው፣ በመንገድም ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከፀሐይ እንድታርቀው፣ ከተከፈተ 4 ሳምንት ያለፈውን ወይም ጓል የታየበትን እንድትጥለው ነገርኋት።