ሦስት ክረምት የሚጠበቅ ቀርከሃ

በአሶሳ ዙሪያ ክረምቱ ሲገባ የቀርከሃ ቡቃያ መሬቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ሰኔ ላይ ጫፉን ያሳየው ቡቃያ በጥቂት ወራት ውስጥ ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፤ አይወፍርምም። ቀጥ ብሎ፣ አረንጓዴ ሆኖ ሲቆም ለዓይን ያለቀለት ይመስላል።

የቀርከሃ ሠሪው ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ለጋው ግንድ ውስጡ ውኃ የበዛበት ነው። ተቆርጦ ወንበር ቢሠራበት ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። ነቀዝም ይገባበትና ብዙም ሳይቆይ ከእግሩ ሥር ዱቄት ይራገፋል። ግንዱ እንዲጠነክር 3 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ባለሙያው ዕድሜውን ማንበብ ይለምዳል፦ የዘንድሮው ገና በሽፋኑ እንደተጠቀለለ ነው፤ የቆየው ሽፋኑን ጥሎ፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣ ላዩ ላይ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣል።

በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉት ሁለት የቀርከሃ ዝርያዎች፣ የቆላውና የደጋው፣ በአንድ ላይ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍኑ ይገመታል። አብዛኛው የቆላ ቀርከሃ ሲሆን ትልቁ ድርሻ የሚገኘው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። የደጋው ውስጡ ክፍት ነው፤ የቆላው በተለይ ከወደ ታች ድፍን ስለሆነ ለቤት ግድግዳ፣ ለአጥር፣ ለጎተራና ለአልጋ ይመረጣል። ቡቃያው ደግሞ ምግብ ነው፤ በክልሉ ነዋሪዎች ዘንድ በክረምት ተቆርጦ ይቀቀላል። እናም ዛሬ ለድስት የተነሳ እያንዳንዱ ቡቃያ ከ3 ዓመት በኋላ ከሚጠበቀው ግንድ ላይ የሚቀነስ ነው። ቤተሰቡ የትኛውን በልቶ የትኛውን እንደሚያሳድግ በየክረምቱ ይወስናል።

ደንበኛው ግን ቸኩሎ ይመጣል። አልጋው ለሰርግ እንዲደርስለት ይፈልጋል፤ ጫካው በአረንጓዴ ግንድ ተሞልቶ እያየ ለምን እንደሚጠብቅ አይገባውም። ጥሩ ሠሪ ይህን መዘግየት ሥራ ይሞላዋል። ያረጀውን ከመሃል መርጦ ይቆርጣል፤ አዲሶቹ የሚወጡት ከዳር ከዳር ስለሆነ ዳሩን አይነካም። የሚቆርጠውም በበጋ ነው። ከአንጓው በላይ ያለው ጉቶ ውኃ እንዳይቋጥር ከአንጓው ጠጋ አድርጎ ይቆርጣል፤ የቆረጠውንም ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ጥላ ሥር አቁሞ ያደርቀዋል።

ከዚህ የከበደ ጥበቃም አለ። የቆላ ቀርከሃ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቆይቶ በአንድነት ያብባል፤ ዘሩን አፍርቶም ጫካው በሙሉ ይደርቃል። ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲደርቅ የሠሪው ገበያ፣ የቤት ሠሪው ግድግዳና የክረምቱ ምግብ አብረው ይቋረጣሉ። ከዘር የበቀለው ችግኝ ቀጭንና ሣር መሳይ ሆኖ ይጀምራል፤ በየክረምቱ የሚወጣው ቡቃያ ከቀደመው ትንሽ እየወፈረ ነው ለሥራ የሚደርሰው። እዚያ እስኪደርስ አንድ የበጋ ቃጠሎ ወይም የከብት መንጋ ዓመታቱን ወደ ኋላ ይመልሳል።

በዚህ ወቅት የቀርከሃ ሠሪው ዋነኛ ሥራ የሚገኘው ከመጋዙ ርቆ ነው፦ እሳት እንዳይሻገር በጫካው ዳር ሣሩን መመንጠር፣ ከብት እንዳይገባ ከጎረቤት ጋር መስማማት፣ ሰኔ ሲመጣም የዘንድሮው ቡቃያ ከአምናው መወፈሩን ወርዶ መለካት።