የሮንዴላ ድሪ፤ በአኒ አልበርስና በአሌክሳንደር ሪድ የአንገት ጌጦች ላይ የቀረበ ሂስ

ጌጥ በምን ይመዘናል? በወቄቱ ነውን ወይስ በሠሪው ጥበብ? ይህ ጥያቄ አንጥረኛ ባለበት አገር ሁሉ ሲጠየቅ የኖረ ነው። በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና፣ በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ አንዲት የሽመና መምህርትና አንድ ተማሪ በ1940 ገደማ ለዚሁ ጥያቄ ያልተለመደ መልስ ሰጡ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከመደብር በጥቂት ሳንቲም የሚገዛውን ተራ የብረታ ብረት ዕቃ እየሰበሰቡ የአንገት ጌጥ አደረጉት። ዛሬ በክብና በቀጥታ መስመር ላይ የተመሠረተ ጌጥ በእጁ የሚሠራ የንድፍ ተማሪ በየአገሩ ይገኛል፤ እንዲህ ላለው ተማሪ ከሚቀርቡለት ታላላቅ አብነቶች አንዱ ይህ ሥራ ነው። ስለዚህ ምን እንደ ሠመረለትና ምን እንደ ጎደለው በጥንቃቄ መመርመር ይገባል። በተለይም የሕዝብን ልማድና እደ ጥበብ ለምናጠና ሰዎች ጉዳዩ ከጌጥ አልፎ የራሳችንን ሚዛን የሚነካ ነው።

አስቀድሞ ስለ ሠሪዎቹ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ወይዘሮ አኒ አልበርስ በ1899 በበርሊን ተወለዱ። በ1922 ባውሃውስ ወደሚባለው የጀርመን የኪነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ሴቶች ተማሪዎች ወደ ሽመናው ክፍል ይመሩ ስለ ነበር፣ እሳቸውም ከድርና ማግ ጋራ የተገናኙት በምርጫቸው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በዚሁ ሙያ ከዘመናቸው ታላላቆች አንዷ ለመሆን በቁ። በ1933 ትምህርት ቤቱ በናዚዎች ተጽዕኖ ሲዘጋ፣ ከባለቤታቸው ከሠዓሊው ከዮሴፍ አልበርስ ጋራ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዚያው ዓመት በተቋቋመው በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ። አሌክሳንደር ሪድ በዚህ ኮሌጅ ተማሪ ነበረ። የኮሌጁ የንድፍ ትምህርት ተማሪው ወረቀቱን፣ ሽቦውን፣ ቅጠሉን በእጁ ይዞ የእያንዳንዱን ጠባይ እንዲመረምርና በትንሽ ነገር ብዙ እንዲሠራ የሚያስገድድ ነበር። የምንመረምራቸው ጌጦች ከዚህ ትምህርት የወጡ ናቸው።

ከጌጦቹ ሁለቱን ብቻ እንመልከት። የመጀመሪያው ከአሉሚኒየም ሮንዴላና ከሪባን የተሠራ ነው። ሮንዴላ በቡሎንና በእንጨት ወይም በብረት መካከል የሚገባው፣ መካከሉ የተበሳ ክብ ዝርግ ብረት መሆኑን ጋራዥ የገባ ሁሉ ያውቃል። ሪባኑ በሮንዴላዎቹ ቀዳዳ አንድ ጊዜ ከላይ አንድ ጊዜ ከታች እያለፈ ያያይዛቸዋል፤ ክቦቹም እርስ በርሳቸው እየተደራረቡ በአንገት ዙሪያ ይሰለፋሉ። ሁለተኛው የውሃ መውረጃ ወንፊት ነው፤ ይኸውም በወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያ ውስጥ የምግብ ትርፍራፊ የሚያስቀረው፣ በቀዳዳ የተሞላ ክብ ብረት ነው። ከወንፊቱ ጠርዝ የወረቀት አግራፎች ተንጠልጥለውበት፣ ከጥቃቅን ድብልብል ፍሬዎች በተያያዘ ሰንሰለት በደረት ላይ ይወርዳል። ከነዚህ ሌላ የፀጉር መቆንጠጫና የጠርሙስ ቡሽ የገባባቸው ጌጦችም አሉ።

ሁለቱ ጌጦች እኩል አይደሉም። የሮንዴላው ድሪ በእውነት የተሳካ ሥራ ነው። ሪባኑ ከላይና ከታች የሚሄድበት አካሄድ የሸማኔ አካሄድ ነው፤ ብረቱ እንደ ድር ጸንቶ ሲቆም ሪባኑ እንደ ማግ ይመላለስበታል። የክቡ ቅርጽ ከፋብሪካ ተስተካክሎ የመጣ ቢሆንም፣ ክቦቹን አንድ አካል ያደረጋቸው በሽመና የሠለጠነ እጅ ነው። ጠንካራው ከለስላሳው፣ የሚያብረቀርቀው ከደብዛዛው ጋራ ተጋብቷል፤ ማያያዣው የጌጡ ምሥጢር ሆኖ ሳይደበቅ ራሱ ጌጥ ሆኗል። ሮንዴላ መሆኑን የማያውቅ ሰው ቢያየው ያምረዋል፤ የሚያውቅም ቢያየው ማማሩ አይቀርም። በወንፊቱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወንፊቱ በአንድነት ተንጠልጥሎ ስለሚታይ ዓይን ደጋግሞ ወደ ወጥ ቤቱ ይመለሳል። ተመልካቹ በመጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ከፈገግታው በኋላ ግን የሚቀረው ውበት ከሮንዴላው ያነሰ ነው። አንዱ ጌጥ ዕቃውን ለውጦታል፤ ሁለተኛው ዕቃውን ቦታ ብቻ አስለወጠው። ተራ ዕቃ በእጁ የሚይዝ ተማሪ ሁሉ ይህን ልዩነት ቢያስተውል ብዙ ከንቱ ድካም ይቀርለታል።

አሁን ወደ ምንጩ እንለፍ። ወይዘሮ አልበርስ በ1942 በኮሌጁ ባደረጉት ንግግር፣ ለዚህ ሥራ ያነሣሣቸው በሜክሲኮ ያዩት የሞንቴ አልባን ሀብት መሆኑን ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። ይህ ሀብት የሜክሲኮ የጥንት ታሪክ ተመራማሪ አልፎንሶ ካሶ በ1932 በኦአሃካ አጠገብ፣ ሰባተኛው መቃብር በተባለው ውስጥ ያገኙት ነው። መቃብሩን ቀድሞ የሠሩት ዛፖቴኮች ሲሆኑ፣ በኋላ ሚክስቴኮች ሙታናቸውን ከነጌጣቸው እንደ ቀበሩበት ካሶ ገልጸዋል። በውስጡም ወርቅና ብር፣ ዕንቁና ጄድ፣ እንደ መስተዋት የጠራ ድንጋይ፣ ዛጎልና የተቀረጸ የነብር ዓይነት አውሬ አጥንት ተገኝቷል። አልበርስን ያስደነቃቸው ወርቁ ሳይሆን ድብልቁ ነበረ። የጥንቱ አንጥረኛ ክቡሩን ወርቅ ከጥሩ ድንጋይ፣ ዕንቁንም ከተራ ዛጎል ጋራ ያለ ሐፍረት አጋብቶ ነበርና። ከዚህ በመነሣት ዕቃን ከአገልግሎቱ ለይቶ፣ እንደ ንጹሕ ቁስ ብቻ አድርጎ የማየት ነጻነት እንዳገኙ ተናገሩ።

በዚህ ንግግር ውስጥ የሚመሰገንም የሚያከራክርም ነገር አለ። የሚመሰገነው ብድርን ማመን ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ከአፍሪካና ከሌላውም አገር ቅርጽ ወስደው ምንጩን በጠቅላላ ስም ብቻ ሲያነሡ፣ እኒህ ሴት ቦታውን ለይተው ጠሩ፤ አንጥረኛውንም እንደ መምህር ቆጠሩት። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ተረት በሳቸው ላይ አይሠራም፤ ጠጠር ቢመልሱም ወርቁን ከማን እንደ ተበደሩ አልካዱምና። የሚያከራክረው ግን «ከአገልግሎቱ ለይቶ ማየት» የተባለው ነው። በሞንቴ አልባን መቃብር ውስጥ ከአገልግሎቱ የተለየ ጌጥ አልነበረም። ያ ወርቅና ያ ዛጎል ከሙታን ጋራ የተቀበረ ነው፤ ማዕርግ የሚገልጽ፣ ሥርዓት የሚፈጽም ነበረ። ጌጡን ከአገልግሎቱ የለየው የሙዚየሙ መስተዋት ነው እንጂ ሠሪው አይደለም። እንግዲህ አልበርስ ከሚክስቴኩ አንጥረኛ የተማሩት የቁስን ጋብቻ ነው፤ የቁስን ከሥራው መለየት ግን የተማሩት ከራሳቸው ዘመን ነው። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ስም መጠራት አይገባቸውም።

ሁለተኛው ክርክር ዋጋን የሚመለከት ነው። የሮንዴላው ድሪ የሚያስተምረው ክብር በቁሱ ውድነት ሳይሆን በሐሳቡ ላይ መሆኑን ነው። ዓለም በጦርነት ላይ በነበረበት፣ ብረትም ለጦር መሣሪያ በሚፈለግበት ጊዜ ይህ ትምህርት የጥቂቶች መለያ የነበረውን ጌጥ ለብዙዎች የሚያዳርስ መስሎ ታየ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጌጥ ገንዘብም መሆኑን ይዘነጋል። በአገራችን ይህን የማያውቅ የለም። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርትሬዛ ብር በብር ሠሪ እጅ እየቀለጠ መስቀል፣ አምባር፣ ጉትቻና አልቦ ሆኖ ኖሯል። አንዲት ሴት በአንገቷና በእጇ የምታስረው ብር ውበቷ ብቻ አልነበረም፤ ለክፉ ቀን ያኖረችው ጥሪቷም ነበረ። በችግር ጊዜ ተመዝኖ ይሸጣል፤ ለልጅም ይወረሳል። መሬቱና ከብቱ በባል ስም በሚጠራበት ቤት፣ በእጇ ያለው ብር የራሷ ነው። ለዚህች ሴት የቁሱ ውድነት ከንቱ ልማድ ነው ማለት፣ መጠጊያዋን ከአንገቷ እንደ መፍታት ይቆጠራል። ሮንዴላ አጊጦ ወደ ግብዣ መሄድ የሚያኮራው፣ ጌጡ ቢሸጥ ምንም እንደማያወጣ እያወቀ የማይጨነቅን ሰው ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ክርክር ግን በሠሪዎቹ ላይ ሳይሆን በእኛ በተመልካቾቹ ላይ ነው። በ1946 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በእጅ የተሠሩ ዘመናዊ ጌጦችን ለሕዝብ ሲያሳይ የአልበርስና የሪድ ሥራዎች ከነስማቸው ቀርበዋል። በኦሞ ወንዝ መጨረሻ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ሰሜን የሚኖሩት የዳሰነች ሰዎች ደግሞ የጠርሙስ ቆርኪ፣ የሰዓት ማሰሪያና የፀጉር መቆንጠጫ እየሰበሰቡ የራስ ጌጥ ይሠራሉ። ቆርኪዎቹ በረድፍ እየተደረደሩ፣ አንዱ ክብ ሌላውን እየተከተለ በግንባር ላይ ይወርዳሉ፤ በሥርዓቱም በኩል ከሮንዴላው ድሪ ጋራ የሚወዳደሩ አሉ። ሆኖም ፎቶግራፋቸው በሚታተምበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሕዝቡ ስም እንጂ የሠሪዋ ስም አይጻፍም። ከሥሩም ስለ ድህነት ወይም ስለ ልማድ መጥፋት የሚያዝን ቃል ይታከላል። አንዱ የፋብሪካ ክብ በኮሌጅ ተማሪ እጅ ሲገባ ሐሳብ ይባላል፤ ሌላው በእረኛ ልጅ እጅ ሲገባ እጦት ይባላል። ቁሱ ያው ነው፤ ምርጫና ድርደራም በሁለቱ ዘንድ አለ። የሚለያየው የተመልካቹ ሚዛን ነው።

ምናልባት የመጀመሪያዎቹ የሥነ ንድፍ ትምህርት ስለ ተማሩ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን አልበርስ ራሳቸው እንደ መምህር የቆጠሩት ስሙ ያልታወቀ የሚክስቴክ አንጥረኛ የተማረበትን ቤት ማንም አልጠየቀም። የእርሱ ስም የጠፋው በዘመናት ብዛት ነው፤ የዳሰነቿ ሴት ስም ግን የሚጠፋው በፊቷ ቆሞ የሚጽፈው ሰው ሳይጠይቃት ስለሚቀር ነው። የፊተኛው ጥፋት አይመለስም፤ የኋለኛው ግን በአንድ ጥያቄና በአንድ የማስታወሻ መስመር ይቀራል።

ስለዚህ ከዚህ ሥራ የምንወስደው ትምህርት ለሁለት ወገን ነው። የንድፍ ተማሪ ክቡንና መስመሩን ሲያጋባ የሮንዴላውን ድሪ አብነት ያድርግ፤ ዕቃውን ቦታ ከማስለወጥ አልፎ ይለውጠው፣ ማያያዣውንም አይደብቅ፣ ከማን እንደ ተማረም ይናገር። የሕዝብ ልማድ የሚያጠና ደግሞ ጌጥ በመዘገበ ቁጥር የሠሪውን ስም፣ ቁሱ ከየት እንደ መጣ፣ ለምን እንደ ተመረጠና ቢሸጥ ምን እንደሚያወጣ አብሮ ይጻፍ። ይህ ሲሆን የቆርኪው የራስ ጌጥና የሮንዴላው ድሪ በአንድ ገጽ ላይ፣ በአንድ ሚዛን፣ እያንዳንዱ ከሠሪው ስም ጋራ ሊሰፍሩ ይችላሉ።