ብሩሽ ያልነካው ሥዕል

ከሩቅ ላየው ሕንፃ ነው። ቁመቱ ከሦስት ሜትር ተኩል ያልፋል፣ አናቱ ላይ የሚደውል ሰዓት ተሸክሟል። ጠጋ ሲሉ ግን የጽሕፈት ቁም ሳጥን ነው፤ በርሊን የጌጣጌጥ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ የቆመ፣ የአብርሃምና የዳዊት ሮንትገን፣ የአባትና የልጅ አውደ ጥበብ ሥራ። (ራጅን ያገኘው ሮንትገን ሌላ ሰው ነው። ይህን ሳጥን ውስጡን ለማየት ግን ራጅ ሳያስፈልግ አይቀርም።)

ሮንትገኖች በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በኖይቪድ ይሠሩ ነበር። የሄርንሁተር ወንድማማቾች ማኅበር አባላት ናቸው፤ ማኅበሩ አለባበሱ የተቆጠበ፣ ኑሮው ሥራና ጸሎት የሆነ የፕሮቴስታንት ወገን ነው። በአውሮፓ እጅግ የተንደላቀቀው የቤት ዕቃ የወጣው ከእነዚህ ሰዎች እጅ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ዓይንን ወደ አንዱ በር እናስጠጋ። ሠዓሊው ያኑአሪየስ ዚክ በነደፋቸው ምስሎች ጥበባት በሰው አምሳል ተገልጸዋል። የአንዷን ቀሚስ እጥፋት ልብ ብላችሁ እዩ። ሌሎች አናጺዎች ጥላ ሲፈልጉ ስሱን የእንጨት ልጣጭ በጋለ አሸዋ ለብለብ ያደርጉት ነበር፤ መስመር ሲፈልጉ ደግሞ በመቅረጫ ጭረው ጥቁር ይሞሉታል። ዳዊት ሁለቱንም ተወ። ቀለም የጠጡ ጥቃቅን እንጨቶችን ቆርጦ ጎን ለጎን ገጠማቸው፤ ደማቁ፣ ደብዘዝ ያለው፣ የጠቆረው፣ እያንዳንዱ በራሱ ቁራጭ። ጥላው ሳይቀር እንጨት ነው። ጉንጭ ላይ የሚታየው መለስለስ የተገኘው ከአቀማመጥ እንጂ ከብሩሽ አይደለም። አንዲት ቁራጭ የፀጉር ያህል ብትሳሳት ኮላው በስንጥቁ ብቅ ይላል፤ ቀሚሱም ቀሚስ መሆኑ ይቀራል።

ዘመን ግን የራሱን ወስዷል። እንዲህ ቀለም የተነከረ እንጨት ብርሃን ሲያገኘው ይለቃል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ የነበረው ወደ ማር ቀለም ይሄዳል። እኔ አዲስ ሆኖ ከማየው ይልቅ እንዲህ ጠይሞ ሳየው ይሻለኛል ባይ ነኝ።

ከዚያ ቁልፉ ይዞራል። የሰዓት ሠሪው የፔተር ኪንትሲንግ እጅ ያለበት የውስጡ መሣሪያ ይነቃል፤ ሞላዎች ይለቀቃሉ፣ መጻፊያው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጎን ያሉት መሳቢያዎች ማንም ሳይጎትታቸው ይወጣሉ። መሳቢያ አለ ብሎ ማንም ባልጠረጠረበት ቦታ መሳቢያ አለ። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ በሜሉሲና ተረቱ ውስጥ አንድ ቤተ መንግሥት ሲዘረጋ ለማሳየት ምሳሌ ያደረገው የሮንትገንን ጠረጴዛ ነበር። የሚያስደንቀኝ ግን ብልሃቱ ብቻ አይደለም፤ እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቅ ይሸመቀቃል፣ እነዚህ መሳቢያዎች ግን ጥፍር ከጣት እንደሚገጥም ልክ ገጥመዋል። አናቱ ላይ ያለው ጌጥ ለእኔ በዝቷል። መሳቢያዎቹ ይበቁኝ ነበር።

የዚህ ዓይነት ታላቅ ቁም ሳጥን ሦስት ተሠርቷል። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1776 የወሰደው በብራስልስ ለኦስትሪያ ያስተዳድር የነበረው የሎሬኑ ካርል አሌክሳንደር ነው፤ አሁን ቪየና ይገኛል። ሁለተኛውን የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በ1779 በ80,000 ሊቭር ገዛው፤ ዛሬ በሙሉ አካሉ የለም። ሦስተኛውን የያዘው ኋላ የፕራሻ ንጉሥ የሆነው ፍሪድሪክ ቪልሄልም 2ኛ ሲሆን፣ የበርሊኑ እሱ ነው። የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪንም ከዳዊት ብዙ ዕቃ ገዝታለች። ከዚያ የፈረንሳይ አብዮት መጣና ገዢዎቹ ተበተኑ፣ አውደ ጥበቡም ተዘጋ። ዳዊት በ1807 ቪስባደን ውስጥ አረፈ።

የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2012 ለሮንትገኖች ሥራ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ የበርሊኑ ሳጥን ሲከፈት የሚያሳይ ፊልም ነበረ። ደጋግሜ የማየው መጨረሻውን ነው፤ ሁሉም ወደየቦታው ይመለስና ፊቱ ላይ አንዲት መስመር እንኳ አይቀርም።