ሱሪው ከጫማው በላይ ይውረድ

ጫካ መሄድ የጀመረ ሰው ስለ እባብ ሲያስብ የሚያነሣት ጥያቄ አንዲት ናት፤ «እባብ የማይበሳው ጫማ የትኛው ነው?» ሻጭም የሚወዳት ይህችኑ ጥያቄ ነው። ወፍራም ቆዳ፣ በውስጡ ጠንካራ ናይለን የተነባበረበት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡት ያወጣለታል፤ ዋጋውም ከውፍረቱ ጋር አብሮ ይወጣል። ከወዲህ ደግሞ ከውትድርና የተወረሰ ምክር አለ፤ ከስክስህን አጥልቅ፣ ሱሪህን ውስጡ ጠቅጥቀው፣ ክሩን ጥርቅም አድርገህ እሰር ይላል። ሁለቱም የቆሙት እግር በጠነከረና በተጣበቀ ልብስ በተሸፈነ ቁጥር ይድናል በሚል እምነት ላይ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። እግርን ከእባብ የሚያድነው አንደኛ ከፍታ፣ ሁለተኛ ልቅነት ነው፤ ውፍረት የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው። ሙግቴ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሱሪ ጫማ ውስጥ አይገባም፤ ሰፋ ብሎ፣ ወፈር ብሎ፣ ከጫማው በላይ ይወርዳል።

ከከፍታው እንጀምር። በአገራችን በእግሩ የሚሄድን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው የእፉኝት ወገን ነው። በሰፊው የምትገኘው ትልቋ እፉኝት፣ ሳይንሱ ቢቲስ አሪየታንስ የሚላት፣ ሰው ሲመጣባት እንደ ሌላው እባብ ፈጥና አትሸሽም። ቀለሟ ከደረቅ ቅጠልና ከሣር ጋር ስለሚመሳሰል በዚያ ተማምና ጸጥ ትላለች፤ የምትነድፈው ሲረግጧት ወይም እግር አጠገቧ ሲያርፍ ነው። ብዙውን ጊዜ ርዝመቷ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ስትወነጨፍም ከገላዋ ከፊሉ ብቻ ስለሚነሣ ጥርሷ የሚያርፈው ከጉልበት በታች ነው። በቆላማና ደረቅ ቦታ ያለችው ኤኪስ የተባለችው እፉኝት ደግሞ ከዚያም ታንሳለች፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አትበልጥም፣ የምታገኘውም ጣትን፣ የእግር ጀርባንና ቁርጭምጭሚትን ነው። በሐረና ጫካ ያለችው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ገና ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ የተመዘገበችው የባሌ እፉኝትም የትልቋ ዘመድ ናት። እንግዲህ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያበቃ ጫማ፣ ቆዳው የቱንም ያህል ቢወፍር፣ የሚጠብቀው ግማሹን ነው። «ጥቁር ማምባስ?» የሚል ይኖራል። ማምባ ከገላው ሲሶውን ያህል ቀጥ አድርጎ ማንሣት ስለሚችል ከጉልበት በላይም ይነድፋል፤ እሱን የሚያስቀር ጫማ የለም። ግን ማምባ መውጫ ካላሳጡት ቀድሞ የሚሸሽ እባብ ነው። ጫማ የሚመረጠው ሳይንቀሳቀስ ለሚጠብቀው ነው።

ልቅነት ለምን እንደሚያድን ለመረዳት የእፉኝትን ጥርስ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አፏ ሲዘጋ ጥርሷ ወደ ኋላ ታጥፎ ይተኛል፤ ስትነድፍ ወደ ፊት ይቆማል። ውስጡ ክፍት ነው፣ መርዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ግን ጫፉ ላይ አይደለም፤ በፊት ለፊቱ በኩል ከጫፉ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ ጫፉ ቆዳን ስለነካ ብቻ መርዝ አይገባም፤ ቀዳዳው ራሱ ሥጋ ውስጥ መድረስ አለበት። ከእግር ርቆ የተንጠለጠለ ጨርቅ የጥርሱን ርዝመት ይበላዋል፤ መንጋጋዋ ሲገጥምም የሚይዘው ከሥጋ ይልቅ ጨርቅ ይሆናል። በካሊፎርኒያ የሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ለክተውታል። የሰው አካል ምስያ እንዲሆን በጨው ውሃ የተሞላ ጓንት ለራትል እባቦች አቀረቡ፤ አንዳንዱን ራቁቱን፣ አንዳንዱን ጂንስ አልብሰው። ጂንስ በለበሰው ላይ ትንንሾቹ እባቦች ወደ ውስጥ ያስገቡት መርዝ በ60 በመቶ፣ ትልልቆቹ ያስገቡት በ66 በመቶ ቀነሰ፤ ብዙው መርዝ ጨርቁ ላይ ፈስሶ ቀረ። ራትል የእኛ አገር እባብ አይደለም የሚል ቢኖር እውነት ነው፤ ግን የእፉኝት ቤተሰብ ነው፣ ጥርሱም በዚያው ዓይነት ታጥፎ የሚቆም ነው። ጂንስ ደግሞ ማንም እባብ አይበሳውም ብሎ የሸጠው ጨርቅ አይደለም። ይበሳል፤ ተበስቶም ያድናል።

ይህን የተረዳ ሰው ወፍራሙን ቡት በሌላ ዓይን ያየዋል። ቡት ሲገዛ ሁሉም ሰው የሚነካካው ፊቱንና ተረከዙን ነው፤ ጠንካራ የሆነውም እዚያ ነው። ምላሱ ከጎኑ ጋር የተሰፋበትን ቦታ ግን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ስስ ቆዳ ወይም ጨርቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ እግር እንዲታጠፍ ሲባል ቆዳው ሆን ተብሎ ሳስቷል፤ ጥቂት ከተለበሰ በኋላም እዚያው ላይ እጥፋት ያወጣል። ስፌቱና የክር ቀዳዳዎቹም አሉ። የትልቅ እፉኝት ጥርስ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ በነዚህ ቦታዎች ያለው ቆዳ የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። ቡቱ ከእግር ጋር ተጣብቆ ከታሰረ ደግሞ ከቆዳው ቀጥሎ ያለው ሥጋ ነው። ስለዚህ ቡት የሚገዛ ሰው ባቱ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩን ይይ፤ ወፍራም ካልሲ ይጨምርበት፤ ሱሪውን ከላይ ያውርድበት። አቅሙ ያለው ገምባሌ ቢገዛ ከረጅም ቡት ይልቅ እመርጥለታለሁ። ጠንካራው ገምባሌ ከባት ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ከጫካ ሲወጡም ወልቆ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

የጠቅጥቀው ባዮቹ ጠንካራ መከራከሪያ መዥገር፣ አልቅትና ገብረ ጉንዳን ነው። ሱሪ ልቅ ከሆነ ተባይ ሽቅብ ይወጣል ይላሉ፤ ይወጣልም። መልሱ ግን ያለውን ክፍተት አጥፍቶ እግርን ማጥበቅ አይደለም። ከውስጥ ስስ ቱታ ይለበስና እሱ ካልሲ ውስጥ ይግባ፤ ሰፊው ሱሪ ከላይ ይውረድ። ተባዩ ካልሲው ላይ ይቆማል፣ ክፍተቱም ሳይነካ ይቀራል። ሁለቱን መልበስ የከበደው ሰው ደግሞ ጉዳቱን ይመዝን፤ መዥገር ማታ ተፈትሾ ይነቀላል፣ የገባ መርዝ ግን አይነቀልም። ሌላው ተቃውሞ ሰፊ ሱሪ እሾህ ይይዘዋል፣ ያደናቅፋል የሚል ነው። እዚህ ላይ መጠን ይወስናል። እጅ እንደ ልብ የሚገባበት ስፋት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በእርግጥም ጣጣ ነው። ርዝመቱም በጫማው ምላስ ላይ ያብቃ እንጂ ተረከዝ ስር አይረገጥ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሙቀት ነው። ጥናት የቱንም ያህል ቢደግፈው፣ በጠራራ ፀሐይ የማይለበስ ልብስ ማንንም አያድንም። ይህን ክርክር ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ፤ እንዲያውም ከውፍረት ጋር ያለኝ ጠብ ዋና ምክንያቱ ይኸው ነው። ከባዱ ቡት የሚወልቀው እኩለ ቀን ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ድንጋይና ግንድ አጠገብ ሲታረፍ ነው። እባብም በሙቀት ጊዜ የሚመርጠው ያንኑ ጥላ ነው። በበርማ በሩዝ ገበሬዎች ላይ እፉኝት የሚከላከል ቡት ሲሞከር ተመራማሪዎቹ መከላከሉን ብቻ አልጠየቁም፤ ገበሬው ይቀበለዋል ወይ የሚለውንም አብረው ጠየቁ። ትክክለኛው አጠያየቅ ይህ ነው። በዚህ ሚዛን ተራው የላስቲክ ቦቲ ከስሙ በላይ ዋጋ አለው፤ ረጅም ነው፣ በተፈጥሮው ልቅ ነው፣ ርካሽ ነው፣ እርጥብ መሬት ላይ ይመቻል። ጉድለቱ ማላቡና ዳገትና ቁልቁለት ላይ እግር ውስጡ መንሸራተቱ ነው። ስለዚህ ለረግረግና ለሜዳ ቦቲ፣ ለተራራ ጫካ ቀለል ያለ ከስክስ ከሰፊ ሱሪ ጋር እላለሁ።

እስካሁን የተናገርሁት ለመዝናናት ጫካ ስለሚገባ ሰው ይመስላል። በእባብ የሚነደፈው ግን ብዙውን ጊዜ እሱ አይደለም፤ ገበሬው፣ እረኛውና የቀን ሠራተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው በእባብ መርዝ እንደሚሞት ይገምታል፤ ጉዳዩን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በመተማ፣ በቋራና በሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ከደጋ የወረደ ወጣት ማሳ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ በሸበጥ ወይም በላስቲክ ሰንደል ነው። «መድኃኒቱ አለ አይደል?» ማለት ለእሱ አያዋጣም። በአፍሪካ ይታመንበት የነበረውን ፋቭ አፍሪክ የተባለ የእባብ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት አምራቹ ሳኖፊ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን የመጨረሻው ክምችት በ2016 ጊዜው አልፎበታል። ማርከሻ በተገኘበትም ቦታ ከማሳ ጤና ጣቢያ ያለው መንገድ ረጅም ነው። እኔ በልቅነት ላይ እንዲህ የምደርቀው እዚህ ላይ ስለሚጠቅም ነው፤ የጉልበት ቡት መግዛት የማይችል ሰው ከሰልባጅ ገበያ ሰፊ ጂንስና የተሸፈነ ጫማ መግዛት ይችላል። የተሸፈነ ጫማ ደግሞ ለእባብ ብቻ አይደለም፤ በደጋው በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠትም የሚከላከል እሱው ነው። ሌሊት ለሽንት ሲወጣ አልጋው አጠገብ ያለውን ጫማ አራግፎ ማጥለቅና ባትሪ ማብራት፣ ቀን በወፍራም ቡት ከመሄድ አያንስም፤ ከዝናብ በኋላ በሌሊት ከጉድጓድ የሚወጡ፣ አፋቸውን በሰፊው ሳይከፍቱ ጥርሳቸውን በጎን አውጥተው የሚወጉ እባቦችም አሉና።

ጫማ ሰውን ግድየለሽ ያደርጋል የሚሉም አሉ፤ በባዶ እግሩ የሚሄድ እረኛ መሬቱን አይቶ ይረግጣል ይላሉ። ዓይን ግን ቅጠል መስላ የተኛችን እፉኝት አያይም፤ አለማየትን የሚክሰው ልብስ ነው። ጫማ የማይሠራውንም ማወቅ የዚሁ ሙያ ክፍል ነው። ጎንበስ ብሎ የሚያጭድን ወይም ከቅጠል ሥር የወደቀ ቡና የሚለቅምን ሰው እጅ አይጠብቅም፤ እዚያ የሚያስፈልገው ቀድሞ በዱላ መነካካት ነው። ንድፊያ ቢደርስ እግር ያብጣልና ጫማው ሳይውል ሳያድር መውለቅ አለበት፤ ክሩ በቢላዋ የሚቆረጥ ጫማ ከማይከፈት ቡት የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ እግሩ በገመድ አይታነቅ፤ ሰውየው ሳይራመድ በሸክም ጤና ጣቢያ ይድረስ። ከዚህ ሁሉ ለእኔ የተረፈኝ ግን ከጥበቃ ያለፈ ነገር ነው። እግሩን በአግባቡ የለበሰ ሰው እባብ ባየ ቁጥር ድንጋይ አያነሣም፤ ሊገድል ሲጠጋ የሚነደፈው ደግሞ ጥቂት አይደለም። አይጥ ከማሳ የሚያጠፋልንን እንስሳ በሁለት እርምጃ ዞሮ ማለፍ የሚችል ሰው ራሱንም እባቡንም ያተርፋል። ስለዚህ አዲስ ገቢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የሱሪውን ስፋት ይለካ፤ ቀሪ ብር ካለው ባትሪ ይግዛበት።