ሹመትና ንባብ፦ የጽርእና የሮማይስጥ ትምህርት በዘመነ ቪክቶሪያ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1837 እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ፣ በእንግሊዝ አገር የመኳንንትና የባለጸጎች ልጅ በኢተን ወይም በረግቢ ትምህርት ቤት ገብቶ ከሌላው ዕውቀት ሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ጽርእንና ሮማይስጥን ነበር፤ ሰዋስዉን ካጸና በኋላም፣ የእኛ የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔ እንደሚቆጥር፣ እርሱም በቨርጂልና በኦቪድ ልክ የሮማይስጥ ግጥም መግጠም ይገደድ ነበር። ይህ ልጅ አድጎ በፓርላማ ሲናገር የሆራስን ቃል ሳይተረጉም ቢጠቅስ ሰሚዎቹ አይቸገሩም፤ ኋላ አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ግላድስቶን እንኳ በፖለቲካ ሥራ መካከል ሆኖ በ1858 ስለ ሆሜር ሦስት ጥራዝ መጽሐፍ ለማሳተም ጊዜ አላጣም። ነገሩን ከሩቅ ለሚመለከት ሰው የጥንታውያን መጻሕፍት ከዚህ የበለጠ የከበሩበት ዘመን ያለ አይመስለውም። ነገር ግን ክብሩና ምርመራው በአንድ ልክ አልሄዱም፤ እንዲያውም መጻሕፍቱ እጅግ በከበሩበት ስፍራ ንባባቸው እምብዛም አልተመረመረም ለማለት እደፍራለሁ።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ የትምህርቱ ፍሬ ሹመት ነበር። በ1854 ማኮሌይ የመራው ጉባኤ ለህንድ አገር ሹማምንት መምረጫ የሚሆነውን ፈተና ሲወስን ለጽርእ 750፣ ለሮማይስጥም 750 ነጥብ መደበ፤ ተሿሚው ሄዶ በሚገዛው ሕዝብ ዘንድ ለተከበረው ለሳንስክሪት ግን የሰጠው 375 ብቻ ነው። ከጉባኤው አባላት አንዱ፣ በማግሥቱ ዓመት በኦክስፎርድ የጽርእ መምህር ሆኖ የተሾመው ቤንጃሚን ጆወት ነበር። ጆወት ከ1870 ጀምሮ የቤልየል ኮሌጅ አለቃ ሆኖ ደቀ መዛሙርቱን ለአገር ግዛት ሲያዘጋጅ ኖረ፤ በ1871 ያሳተመው የአፍላጦን ትርጉምም ጽርእ የማያውቀውን እንግሊዛዊ ሁሉ ከፈላስፋው ጋር ያስተዋወቀ፣ በቋንቋው ጣዕም እስከ ዛሬ የሚወደድ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ጆወት የብራናዎቹን ልዩነት እየመዘነ የትኛው ንባብ እውነተኛ እንደ ሆነ ለመወሰን ትዕግሥት አልነበረውም። አፍላጦንን የወደደው ወጣቶችን ስለሚቀርጽበት ነው፤ መምህርነቱን ባደንቅም ከታላላቆቹ የንባብ መርማሪዎች ጋር ልቈጥረው አልችልም።

ትምህርቱ ለሹመት ብቻ መዋሉን የተቃወመ ሰው በዚያው በኦክስፎርድ አልታጣም። የሊንከን ኮሌጅ አለቃ ማርክ ፓቲሰን ዩኒቨርሲቲ የፈተና ማሰናጃ ሳይሆን የሊቃውንት ማደሪያ መሆን አለበት እያለ ሲከራከር ኖሮ፣ ሊቅ ማለት ምን እንደ ሆነ ለማሳየት በ1875 የይስሐቅ ካዞቦንን ታሪክ ጻፈ። ፓቲሰን ዓይኑን የጣለው በጀርመን አገር ላይ ነበር፤ በዚያ ካርል ላክማን በ1850 የሉክሬትየስን ግጥም ሲያሳትም፣ አንድ ዓይነት ስሕተት የሚጋሩ ቅጂዎች ከአንድ አባት የተወለዱ ናቸው በሚለው ሕግ ተመርቶ፣ በሕይወት ያሉት ብራናዎች ሁሉ ከአንድ የጠፋ መጽሐፍ መውረዳቸውን፣ የጠፋውም መጽሐፍ በየገጹ 26 መስመር እንደ ነበረው አስረድቶ ነበር። ማንም ያላየውን ብራና ከልጆቹ ግድፈት ተነሥቶ ገጹን እስከ መቍጠር መድረስ እጅግ የሚያስደንቅ ጥበብ ነው። እንግሊዞች ይህን የተቀበሉት ዘግይተው ነው፤ ሲቀበሉት ግን መልካም ፍሬ አፈሩበት። የካምብሪጁ ሂዩ ሙንሮ በ1864 ያሳተመው ሉክሬትየስ የላክማንን መንገድ ይዞ፣ ላክማን የተወውን የነገር ሐተታ የጨመረ ነው። ሪቻርድ ጀብ ከ1883 እስከ 1896 ሰባቱን የሶፎክሊስ ተውኔቶች ከነትርጓሜያቸው አወጣ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊደልና ስኮት በ1843 ያሳተሙት የጽርእ መዝገበ ቃላትም መነሻው የጀርመናዊው የፓሶው መዝገብ ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የአልፍሬድ ሐውስማን ነገር ነው። ይህ ሰው በኦክስፎርድ ሳለ ለፈተናው የታዘዘውን ፍልስፍናና ታሪክ ቸል ብሎ የፕሮፐርትየስን ንባብ ሲያርም ቆይቶ በ1881 የመጨረሻውን ፈተና ወደቀ። ከ1882 ጀምሮ ዐሥር ዓመት በሎንዶን የፈጠራ መብት መዝገብ ቤት ጸሓፊ ሆኖ እንጀራውን እየበላ፣ ከሥራ ሲወጣ በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጦ ያዘጋጃቸው ሐተታዎች ሊቃውንትን ስላስደነቁ በ1892 በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሮማይስጥ መምህር ሆነ። የዘመኑን ታላቅ የሮማይስጥ መርማሪ የጣለ ፈተና ምን ይመዝን እንደ ነበር አንባቢ ይፍረድ። ሴቶችማ ቢያልፉም አልተጠቀሙም፤ በ1887 የገርተን ኮሌጅ ተማሪ አግናታ ራምዚ በካምብሪጁ ፈተና ከአንደኛው ማዕረግ የመጀመሪያ ክፍል ብቻዋን ስትገባ፣ ዩኒቨርሲቲው ግን ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ነው።

ይህ የምርመራ ጥበብ ወደ ግእዝ መጻሕፍትም ደርሷል። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎች በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጠው፣ ዊልያም ራይት በ1877 ዝርዝራቸውን ካሳተመ በኋላ፣ ሮበርት ቻርልስ በ1893 መጽሐፈ ሄኖክን ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማን ካሳተመው ግእዝ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ቀድሞ ያልተመሳከሩ የግእዝ ብራናዎችን፣ በላይኛው ግብጽ በአክሚም ከመቃብር የተገኘውን የጽርእ ክፋይና የሮማይስጡን ቍራጭ አስተያየ። በ1895 ኩፋሌን ከአራት ብራናዎች፣ በ1906 ደግሞ የሄኖክን ግእዝ ራሱን አሳተመ። ድካሙ የሚመሰገን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሄኖክን ያጠና ሁሉ ከእርሱ ሥራ ተጠቅሟል። ሆኖም ጠባዩ እንደ ዘመኑ አራሚዎች ደፋር ነበር፤ ግእዙ የከበደው በመሰለው ስፍራ፣ ከጀርባው ያለው ጽርእ ወይም ዕብራይስጥ እንዲህ ይል ነበር ብሎ በመገመት ብራናዎቹ የተስማሙበትን ንባብ ጭምር ያርማል። ላክማን ግምትን በቅጂዎች የዘር ሐረግ ያስር ነበር፤ በቻርልስ ዘንድ ግምቱ ብዙ ጊዜ ከሐረጉ ያመልጣል። ስለዚህ በቻርልስ እትም ሄኖክንና ኩፋሌን የምታጠና ተማሪ ሆይ፣ ከላይ የታተመውን ከመቀበልህ በፊት በግርጌ የተጻፈውን የብራናዎቹን ንባብ አንብብ፤ በአብያተ ክርስቲያናችንና በገዳማቱ ካሉት ቅጂዎችም ጋር አስተያይ።