«ዝንባሌ» ወይስ «የዙር ርምጃ»? ስለ ትናንሽ ጀልባዎች ሞተር በተተረጐመ አንድ መመሪያ ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተተረጐመ አንድ አነስተኛ መመሪያ ነው። መመሪያው ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ለሚሠሩ ትናንሽ ጀልባዎች ሞተርና ፕሮፔለር እንዴት እንደሚመረጥ ያስረዳል፤ በመጨረሻውም የቃላት መፍቻ ተያይዞለታል። የአዘጋጆቹን ስም መጥቀስ አላስፈለገንም፤ ዓላማችን ሥራውን መመዘን እንጂ ሰውን መንቀፍ አይደለምና። ይሁን እንጂ ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መናገር ይገባናል። የቃላት መፍቻው ከመታተሙ በፊት አስተያየት እንድንሰጥበት ተልኮልን ነበር። «ፒች» ለተባለው የእንግሊዝኛ ቃል «ዝንባሌ» የሚል አቻ ተሰጥቶት አይተን፣ «መልካም ነው» ብለን ያለፍነው እኛው ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ሂስ ከፊሉ በራሳችን ላይ የሚያርፍ ነው።

መመሪያው ከተሠራጨ በኋላ በአንድ ሐይቅ ዳር የሚሠሩ ዓሣ አጥማጆች በእርሱ እየተመሩ ለ15 የፈረስ ጉልበት ሞተሮቻቸው ፕሮፔለር ገዝተው ነበር። በመመሪያው ውስጥ «ዝንባሌው ከፍ ያለ ፕሮፔለር ፍጥነት ይሰጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር ስላገኙ፣ ከቀረቡላቸው መካከል ትልቁን ቁጥር፣ 12ን፣ መረጡ። ጀልባው መረብና ዓሣ ሲጫንበት ሞተሩ ያቃስት፣ ይጨስና ይግል ጀመር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ጭነቱን ይዞ ወደ ዳር መመለስ አቃተው። ሁኔታውን ለማጣራት በሄድን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መመሪያውን ከፍተው፣ «እናንተ የቋንቋ ሰዎች፣ ዝንባሌ 12 ይላል፤ 12 ምን?» ሲሉ ጠየቁን። በዚያን ሰዓት የምንመልሰው አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው።

1. ቁጥሩ የምን ቁጥር ነው?

በአንድ ፕሮፔለር ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ይቀረጻሉ። ለምሳሌ 9 × 12 የሚል ቢገኝ፣ የመጀመሪያው የክንፎቹ ጫፍ ሲዞር የሚሠራው ክብ ዲያሜትር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ፒች» የሚባለው ነው። ይኸውም ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር፣ ውኃው እንደ እንጨት ጠጣር ቢሆን ኖሮ፣ ወደፊት የሚሄደው ርቀት ማለት ነው። ስለዚህ 12 ማለት 12 ኢንች፣ ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመት እንጂ ማዕዘን አይደለም።

«ዝንባሌ» የሚለው ቃል ግን አንባቢውን በቀጥታ ወደ ማዕዘን ይመራዋል። መንገድ ያዘነብላል፣ ጣራ ያዘነብላል፤ የሚለካውም በዲግሪ ነው። ስሕተቱ የመለኪያ ስሕተት ብቻ እንዳይመስለን፣ የፕሮፔለሩን ክንፍ ራሱን እንመልከት። ክንፉ የተጠመዘዘ ነው። ዲያሜትሩ 9 ኢንች፣ ፒቹም በክንፉ ሁሉ ላይ 12 ኢንች የሆነ ፕሮፔለር ብንወስድ፣ ከመሐሉ በ1.5 ኢንች ርቀት ላይ የክንፉ ዝንባሌ 52 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ግን 23 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ በአንድ ክንፍ ላይ ዝንባሌው ብዙ፣ ፒቹ ግን አንድ ነው። ብዙ የሆነው ነገር ስም አንድ ለሆነው ነገር ተሰጠ ማለት ነው። ይህ ደግሞ ትክክለኛነት የጐደለው አሰያየም ከመሆን አልፎ፣ ፅንሰ ሐሳቡን የሚያፈርስ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ማየት ለተርጓሚ ይጠቅማል። እንግሊዝኛው «ፒች» የጣራን ዝንባሌ፣ የድምፅን ከፍታና ዝቅታ፣ ዝፍትን፣ የጀልባን አፍንጫ መነሣትና መውደቅ ሁሉ በአንድ መልክ የሚጠራ ቃል ነው። ተርጓሚው ከእነዚህ አንዱን መረጠ፤ እኛም አጸደቅንለት። ሁለታችንም የመረመርነው ቃሉን እንጂ ነገሩን አልነበረም። ፈረንሳይኛውን ወይም ጣልያንኛውን አይተን ቢሆን ኖሮ መንገዱ በተቃና ነበር፤ ፈረንሳዮች «ፓ»፣ ጣልያኖች «ፓሶ» ይሉታልና፤ ሁለቱም ርምጃ ማለት ናቸው።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን ነገሩ ከአገራችን የጋራዥ ሠራተኛ እጅ የራቀ አለመሆኑ ነው። ብሎን አንድ ዙር ሲጠብቅ በጥርሱ ልክ ወደ ውስጥ እንደሚገባ መካኒክ ሁሉ ያውቃል። ፕሮፔለርም በውኃ ውስጥ የሚገባ ብሎን ነው ቢባል ማብራሪያው በአንድ ዐረፍተ ነገር ባለቀ ነበር። በዚህ መሠረት «የዙር ርምጃ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «ርምጃ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም «ርምጃ ተወሰደ» የሚለውን አስተዳደራዊ አነጋገር ስለሚያስታውስ፣ «የዙር» የሚለው ቅጽል እንዲለየው አድርገናል። «የዙር ርምጃ 12 ኢንች» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው «12 ምን?» ብሎ አይጠይቅም።

2. ከቃሉ ወደ ሞተሩ

የአንድ ቃል መሳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ሞተሩ በደቂቃ 5,500 ጊዜ ይዞራል፣ ጥርሶቹም ዙሩን በግማሽ ይቀንሱታል እንበል። የዙር ርምጃው 12 ኢንች ከሆነ ጀልባው በሐሳብ ደረጃ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 8 ኢንች ከሆነ ደግሞ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ውኃ ጠጣር ስላልሆነና ፕሮፔለሩ ስለሚንሸራተት እውነተኛው ፍጥነት ሁልጊዜ ከዚህ ያንሳል። በመረብና በዓሣ የተጫነ ጀልባ ደግሞ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትርን አያስበውም። ታዲያ 12ን የመረጠ ሰው ያገኘው ፍጥነትን ሳይሆን ሸክምን ነው። በተለመደው ግምት የዙር ርምጃ በ1 ኢንች ሲጨምር የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይቀንሳል፤ የ4 ኢንች ልዩነት ከ600 እስከ 800 ዙር ያሳጣል ማለት ነው። ነገሩ የጭነት መኪናን በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደ ማስወጣት ነው። ትንሽ የዙር ርምጃ አንደኛ ማርሽ፣ ትልቅ የዙር ርምጃ ከፍተኛ ማርሽ ነው ቢባል ማንም ሾፌር በተረዳው ነበር።

በዚህ ላይ ተርጓሚው ማስታወሻ ሊጨምርበት ይገባው የነበረ ጉዳይ አለ። የመመሪያው ሠንጠረዥ የተዘጋጀው በባሕር ጠለል ላይ ለሚሠራ ሞተር ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ እዚያ 15 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር በእውነቱ 12 ገደማ ብቻ ይኖረዋል። ስለዚህ በአገራችን ሐይቆች ላይ ከሠንጠረዡ ዝቅ ያለ የዙር ርምጃ መምረጥ ያስፈልጋል። ትርጉም የቃላት ዝውውር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ የተርጓሚው ድርሻ ባልሆነ ነበር፤ ነገር ግን መመሪያ የሚተረጐመው ሰው እንዲሠራበት ነው።

3. የምንጩን ስሕተት መውረስ

መመሪያው «ካቪቴሽን» እና «ቬንቲሌሽን» የተባሉትን ሁለት ቃላት «አየር መግባት» በሚል አንድ አቻ ጠቅልሏቸዋል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመጀመሪያው፣ በክንፉ ጀርባ የውኃው ግፊት እጅግ ሲቀንስ ውኃው ሳይሞቅ ይፈላና የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ሲፈርስ ብረቱን ይቦረቡራል። ግፊት ሲቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት እንደሚፈላ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያሻም፤ በዚያች ከተማ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና። በሁለተኛው ግን ፕሮፔለሩ ከውኃው ገጽ አየር ይስባል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በድንገት ይፈጥናል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ጥልቀት በሌለው ውኃ ፕሮፔለሩ ወደ ገጽ ስለሚቀርብ የሚያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው። መፍትሔውም ፕሮፔለሩን ዝቅ ማድረግ ወይም ነዳጁን መቀነስ ነው እንጂ አዲስ ፕሮፔለር መግዛት አይደለም።

በዚህ ረገድ ጥፋቱ የተርጓሚው ብቻ አይደለም። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ብረት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው በልማድ «ጸረ ካቪቴሽን» ይሏታል፤ ሥራዋ ግን አየር እንዳይሳብ መከላከል ነው። ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው የባዕዱን ቋንቋ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ስሕተቱንም ይወርሳል። እኛ ለመጀመሪያው «የእንፋሎት አረፋ»፣ ለሁለተኛው «አየር መሳብ»፣ ለብረቷም «አየር ከልካይ» እንዲባል እናሳስባለን።

4. ሌሎች ቃላት

ፕሮፔለርን «መቅዘፊያ» ማለት በመጀመሪያ እይታ ያማረ ይመስላል። ነገር ግን በትንሽ ጀልባ ላይ እውነተኛው መቅዘፊያም አብሮ ይጫናል። «ሞተሩ ሲጠፋ መቅዘፊያውን ያውጡ» የሚለው የመመሪያው ትእዛዝ የቱን እንደሚያስወጣ አይታወቅም። «ፕሮፔለር» በአውሮፕላን በኩል የታወቀ ቃል ስለ ሆነ ባለበት ይቆይ። የባዕድ ቃልን ሁሉ ማባረር የቋንቋ ፍቅር አይደለም፤ ካንዴላና ኩሽኔታ ቤተኛ ከሆኑ ቈይተዋል።

የጀልባ አካል ከውኃው ገጽ በታች የሚገባበት ልክ በእንግሊዝኛ «ድራፍት» ይባላል። መመሪያው «ዝቅተኛ ረቂቅ ያለው ጀልባ» ይላል፤ ረቂቅ ግን የሕግና የደብዳቤ እንጂ የጀልባ አይደለም። «ስጥመት» እንዳንል ሰጠመ የተባለ ጀልባ የጠፋ ጀልባ ነው፤ «ጥልቀት» እንዳንል ከውኃው ጥልቀት ጋር ይምታታል። ስለዚህ ቢረዝምም «ከውኃ በታች ቁመት» ይሻላል። አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ በሆነው በዝዋይ ሐይቅ ዳር ዳሩን ለሚሠራ ሰው ይህ ልክ የዕለት ጥያቄ ነው።

ሞተሩ ከጀልባው በላይ ተቀምጦ ፕሮፔለሩ በረጅም ዘንግ ጫፍ ወደ ኋላ የሚዘረጋበት ዐይነት በታይላንድ «ሀንግ ያው»፣ ማለትም ረጅም ጅራት፣ ይባላል። መመሪያው «ረጅም ጭራ» ብሎታል። በአማርኛ ጭራ በተለይ ጠጕሩን፣ ዝንብ የምናባርርበትንም ዕቃ ይጠራል፤ ዘንግ የሚመስለው ጅራት ነው። ሕዝባችን «ጅራታም ኮከብ» እንዳለ ሁሉ «ጅራታም ሞተር» ቢባል ለጆሮም ለዐይንም ይስማማል። ደግሞም «ኪት» የሚለውን «ሙሉ ሞተር» ብሎ መተርጐም ገዢን ያሳስታል። ብዙዎቹ ኪቶች ዘንግ፣ መያዣና ፕሮፔለር ብቻ የያዙ ናቸው፤ ሞተሩ ለብቻው ይገዛል። «የጅራት ዕቃ» ማለት ይበቃል።

ሞተሩ ለብቻው ከተገዛ ዘንድ የፕሮፔለሩ ዙር አቅጣጫ መታወቅ አለበት። መመሪያው «ቀኝ ዞር» እና «ግራ ዞር» ይላል፤ ከየት ሲታይ እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ደንቡ ከጀልባው ኋላ ቆሞ ወደፊት ለሚያይ ሰው ነው። ለጅራታም ሞተር የሚያገለግሉት ተራ የቤንዚን ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከዘንጋቸው ፊት ለፊት ሲታዩ ወደ ግራ ስለሚዞሩ፣ ጅራቱ ያለ ጥርስ በቀጥታ ሲገጠምባቸው ግራ ዞር ፕሮፔለር ይሻሉ። ቀኝ ዞር የገጠመ ሰው ጀልባው ወደ ኋላ ሲሄድበት ያያል።

የሚመሰገነውንም መጥቀስ ተገቢ ነው። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ተሰብሮ ዘንጉንና ጥርሶቹን የሚያድነው ትንሽ ብረት «ተሰባሪ ሚስማር» ተብሏል። መሰበሩ ጕድለት ሳይሆን ተግባሩ መሆኑን ስሙ ራሱ ያስተምራል፤ ከዚህ የተሻለ ስያሜ አናውቅም። ሆኖም «ሲሰበር በሌላ ሚስማር ይተኩ» የሚለው ማብራሪያ የስሙን ጥቅም ያጠፋዋል፤ ጠንካራ የብረት ሚስማር ያስገባ ሰው በሚቀጥለው ድንጋይ ዘንጉን ያጣልና። «በዚያው ዐይነትና ውፍረት ባለው ተሰባሪ ሚስማር ይተኩ» መባል ይገባዋል።

እንዲሁም ክንፎቹ ወደ ኋላ የተቀለበሱትንና አረም የማይጠመጠምባቸውን ፕሮፔለሮች «አረም አራጋፊ» ማለቱ ጥሩ ነው። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህ ይህ ቃል የሚያስፈልገው ሰው በርክቷል።

5. መደምደሚያ

ከዚህ የምንማረው ለሙያ ቃል አቻ ስንፈልግ መጠየቅ ያለብን «ይህ ቃል በአማርኛ ምን ይባላል?» ብለን ብቻ አለመሆኑን ነው። «ይህ ነገር ምን ይሠራል? በምን ይለካል? ያነበበው ሰው እጁ ምን ያደርጋል?» የሚሉት መቅደም አለባቸው። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቀን ቢሆን «ዝንባሌ» ከጠረጴዛችን አያልፍም ነበር። ከእንግዲህም ማንኛውም የቴክኒክ የቃላት ዝርዝር ለአስተያየት ሲቀርብ፣ ከቋንቋ ባለሙያው ጋር ዕቃውን በእጁ የሚይዝ አንድ ሠራተኛ አብሮ እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። በዚህ ያቀረብናቸው ስያሜዎች የመጨረሻ አይደሉም፤ በሐይቅ ዳር የተሻለ ቃል የሰማ አንባቢ ቢኖር ቢጽፍልን ደስ ይለናል። እስከዚያው ግን በእጃችሁ ያለውን መመሪያ ከፍታችሁ፣ «ዝንባሌ» ባለበት ሁሉ «የዙር ርምጃ፣ በኢንች» ብላችሁ እንድታርሙ እንለምናለን።